የእናት ግንባርና የልጅ ክንድ

በጎንደር ከተማና ከእርሷ በስተሰሜን በወገራና በዳባት አልፎ እስከ ደባርቅና ጃናሞራ በሚዘልቀው ደጋ ስለ ንቅሳት የሚካሄደው ክርክር ከሌላው ዓለም ክርክር የሚለይበት አንድ ጠባይ አለው፤ ይኸውም ከሳሽም ተከሳሽም የተነቀሱ መሆናቸው ነው። በግንባሯ መስቀል፣ በአንገቷ ዙሪያ ሦስት አራት ረድፍ ጌጥ፣ በድዷም ላይ ጥቁር ሰማያዊ ቀለም ያላት እናት፣ ዩኒቨርሲቲ የላከችው ልጇ ክንዱ ላይ የጣት ርዝመት የማታክል መስቀል ታቱ ተነቅሶ ሲመለስ «ገላህን አበላሸኸው» ብላ ታለቅሳለች፤ ጎረቤትም ነጠላውን አጣፍቶ ሊያጽናናት ይመጣል፤ ከአጽናኞቹም መካከል ግንባሯ ንጹሕ የሆነ ባልቴት ፈልጎ ማግኘት ቀላል አይሆንም።

ንቅሳት ቆዳን በሹል ነገር እየወጉ ከሥሩ ቀለም የማኖር ጥበብ ነው። ውጨኛው የቆዳ ንብርብር በየጊዜው እየተላጠ የሚታደስ በመሆኑ ቀለሙ እዚያ ቢቀር ኖሮ በሳምንታት ውስጥ ከገላ ጋር ታጥቦ በሄደ ነበር፤ ንቅሳት ዕድሜ ልክ የሚዘልቀው መርፌው ከዚያ በታች ወዳለው ወፍራም ንብርብር ስለሚደርስ ነው። ሰውነትም በበኩሉ ዝም ብሎ አያይም፤ ባዕድ ነገር ገባብኝ ብሎ ቆሻሻ የሚውጡ ሕዋሳቱን ያዘምታል፤ ሕዋሳቱ ግን የቀለሙን ቅንጣት ከዋጡ በኋላ ሊፈጩት ስለማይችሉ እንደታቀፉት ይቀመጣሉ። እ.ኤ.አ. በ2018 በፈረንሳይ የማርሴይ ተመራማሪዎች በአይጦች ላይ ባደረጉት ጥናት እንዳሳዩት፣ ቀለም የያዘው ሕዋስ ሲሞት የለቀቀውን ቀለም በቦታው የሚተካው አዲስ ሕዋስ መልሶ ይውጠዋል። ንቅሳት እንግዲህ እንደ ርስት ከሟች ወደ ወራሽ የሚተላለፍ ንብረት ነው፤ ከጎንደር ርስት የሚለየው ወራሾቹ ሳይካሰሱ መረካከባቸው ነው።

የደጋው ነቃሽ በአብዛኛው በዕድሜ የበሰለችና እጇ የተመሰከረላት ሴት ስትሆን መሣሪያዋም ብዙ አይደለም፤ በክር አንድ ላይ የታሰሩ ሁለት ሦስት መርፌዎች ወይም በጥንቱ ልማድ እሾህ፣ ከምጣድ ሥር የተፋቀ ወይም ከኩራዝ ጭስ የተሰበሰበ ጥላሸት፣ ጥላሸቱንም ለመለወስ የሚሆን ውሃ ወይም የቅጠል ጭማቂ ይበቋታል። ልጅቱ መደብ ላይ ትጋደምና ራሷን በነቃሿ ጭን ላይ ታሳርፋለች፤ አክስት እግሯን፣ ታላቅ እህት እጇን ይይዛሉ። ነቃሿ በስንጥር ጫፍ ጥላሸት እያጠቀሰች አስቀድማ ንድፉን ትነድፋለች፤ አንገቷን ወደ ኋላ መለስ አድርጋ ትመለከተዋለች፤ ለቡና ከተሰበሰቡት አንዷ «በቀኝ በኩል ዘመም ብሏል» ካለች በነጠላ ጫፍ ይጠረግና እንደገና ይነደፋል። ይህ ካለቀ በኋላ ነው መርፌው መስመሩን ተከትሎ እየተጠጋጋ የሚወጋው፤ ደም ጠብ ሲል ይጠረጋል፣ ጥላሸት ይታሻል፣ እንደገና ይወጋል፤ ልጅቱ ስትጮህም ቁንጅና በነጻ እንደማይገኝ ይነገራታል። ፊቷ ለጥቂት ቀን አብጦ ይከርማል፣ ቅርፊቱ ይረግፋል፣ ከሥሩም መስቀሉ ብቅ ይላል። ጥላሸቱ ጥቁር ሆኖ ሳለ ንቅሳቱ ሰማያዊ ወይም አረንጓዴ መስሎ የሚታየው ብርሃን በቆዳ ውስጥ ሲያልፍ ስለሚበታተንና ከተበታተነው ውስጥ ሰማያዊው በብዛት ወደ ዓይን ስለሚመለስ ነው። ነቃሿ በእህል፣ በእንቁላል ወይም በጥቂት ብር ዋጋዋን ተቀብላ ትሄዳለች። ስለ ንድፉ እናት ተጠይቃለች፣ አክስት አስተያየት ሰጥታለች፣ ጎረቤትም አርማለች፤ በዚህ ሁሉ ምክክር ውስጥ ያልተጠየቀች አንዲት ሰው ብትኖር ግንባሩ የእርሷ የሆነው ልጅቱ ናት።

ከገላ ሁሉ ስለ ድድ ለብቻው መናገር ያስፈልጋል። የድድ ንቅሳት ማለት የፊት ጥርሶች የበቀሉበትን የላይኛውን ድድ በመርፌ እየጠቀጠቁ በጥላሸት ማጥቆር ሲሆን፣ ሕመሙ ከግንባሩ የባሰ መሆኑን ሁለቱንም የቀመሱ ሴቶች ይመሰክራሉ። ተነቃሿ ለቀናት በርበሬ የነካው ወጥ እንዳትቀምስ ተከልክላ አጥሚት እየጠጣች ትሰነብታለች፤ አጥሚት ከእህል ዱቄት የሚሠራ ለስላሳ መጠጥ ሲሆን ለአራስና ለታማሚ የሚሰጥ ነው፤ ባልወለደችና ባልታመመች ልጃገረድ እጅ ከታየ ጎረቤት ምክንያቱን አይጠይቅም። የሚነገረው ጥቅም ሁለት ነው፤ አንደኛው ድድ እንዳይደማና ጥርስ እንዳይነቃነቅ ያጠነክራል የሚለው ሲሆን ይህን ሐኪሞች አይቀበሉትም፤ ሁለተኛው ጥርስን ያነጣል የሚለው ነው፤ ይህኛው ግን እንደ ቀላል ሊጣል አይገባም። ጥርሱ በእርግጥ አንድም ቅንጣት አይነጣም፤ ከጥቁር አጠገብ የተቀመጠ ነጭ ይበልጥ ነጭ መስሎ ስለሚታይ የሚታለለው ተመልካች ነው፤ በዓይን ዙሪያ ኩል የሚኳለውም በዚሁ ስሌት ነው። የደጋው እናቶች ይህን የዓይን ሕግ ሥዕል ቤት ሳይገቡ ደርሰውበታል። በጨዋ ደንብ ልጃገረድ ስትስቅ አፏን በነጠላ ጫፍ መሸፈን ይገባታል፤ ድዷን የተነቀሰችው ግን ነጠላዋን ለማንሣት ያን ያህል አትቸኩልም፤ ይህን ያህል ተወግታ ያገኘችውን ነገር በሸማ ብትሸፍነው ኪሳራ ነውና።

የአንገት ንቅሳት በበኩሉ ከጌጥነት ባሻገር የመድኃኒትነት ታሪክም አለው። በደጋው ዝናብ አፈሩን አጥቦ አዮዲን የተባለውን ንጥረ ነገር ስለሚወስደው፣ አዮዲን ያልተጨመረበት ጨው በሚበላበት ዘመን እንቅርት፣ ማለትም የአንገት ዕጢ ማበጥ፣ የተለመደ በሽታ ነበር፤ ዕብጠቱ ላይ መነቀስም ያከስመዋል ተብሎ ይታመን ነበር። የአበው ተረት ችግር በችግር ላይ ሲደራረብ «በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ» ይላል፤ የጎንደር እናቶች ግን በእንቅርት ላይ ንቅሳት ጨምረው ቢያንስ ተመልካቹ የቱን እንደሚያይ ግራ እንዲገባው አድርገዋል።

ከሁሉ የሚታወቀው የግንባር መስቀል ነው። የደጋው ክርስቲያን ሃይማኖቱን በማተብ ይገልጣል፤ ማተብ በክርስትና ጊዜ በሕፃኑ አንገት ላይ የሚታሰር ክር ሲሆን ክር በመሆኑ ይበጠሳል፤ ሃይማኖቱን የካደም ሰው ማተቡን በጠሰ ይባላል። የግንባር መስቀል ይህን ቀዳዳ የሚደፍን ነው፤ የሚበጠስ ነገር የለውምና። ሰፈር በሃይማኖት በሚለይበት አገር ይህ ትልቅ ጉዳይ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1668 በአፄ ዮሐንስ ቀዳማዊ ዘመን የተሰበሰበው ጉባኤ ሙስሊሞችና ቤተ እስራኤላውያን ከክርስቲያኑ ተለይተው እንዲሰፍሩ ከወሰነ ወዲህ በከተማዋ ማን የየት እንደሆነ ማወቅ የዕለት ተዕለት ነገር ሆኖ ኖሯል። ለቡዳ መከላከያም ተብሎ የተነቀሰ አለ፤ ቡዳ በዓይኑ ይጎዳል ተብሎ የሚፈራ ሰው ሲሆን፣ ዓይኑ መጀመሪያ መስቀሉ ላይ ካረፈ ኃይሉ ይከሽፋል ይባል ነበር። በደብረ ብርሃን ሥላሴ ጣሪያ ላይ ተደርድረው ቁልቁል የሚመለከቱት ባለ ክንፍ መላእክት ግንባራቸው ባዶ ነው፤ ቡዳ ስለማያገኛቸው ሳይሆን አይቀርም።

መስቀሉን የያዙት ሁሉ ክርስቲያኖች ነበሩ ማለት ግን አይቻልም። ከጎንደር በስተሰሜን ወደ ደባርቅ በሚወስደው መንገድ ዳር የምትገኘው ወለቃ የቤተ እስራኤላውያን መንደር የነበረች ስትሆን በሸክላ ሥራዋ ትታወቃለች፤ በእንዲህ ያሉ መንደሮች ከክርስቲያን ጋር ተጎራብተው ከኖሩት ሴቶች መካከልም እንደ ጎረቤቶቻቸው የተነቀሱ፣ አንዳንዶቹም መስቀል በግንባራቸው የያዙ ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1984 እና በ1991 በተካሄዱት ታላላቅ የማጓጓዝ ዘመቻዎች ወደ እስራኤል ከሄዱት ሴቶች ጋር ያ መስቀልም አብሮ ተሳፈረ፤ በጎንደር ገበያ ማንም ዞር ብሎ የማያየው ምልክት ቴል አቪቭ ላይ የሁሉ ዓይን ማረፊያ ሆነ። እ.ኤ.አ. በ2004 የእስራኤል የቆዳ ሐኪሞች የኢትዮጵያውያን አይሁድን ባህላዊ ንቅሳት በሌዘር ስለ ማስለቀቅ በአሜሪካ የቆዳ ሕክምና መጽሔት ላይ ጽሑፍ አሳትመዋል። ሌዘር በጣም አጭርና ኃይለኛ ብርሃን ሲሆን ቀለሙን ሰባብሮ ሰውነት ጠርጎ እንዲያወጣው ያደርጋል፤ በዚህ ረገድ የምጣድ ጥላሸት ዛሬ በውድ ዋጋ ከሚገዛው ባለብዙ ኅብር ቀለም የተሻለ ጠባይ አለው፤ ጥቁር ማንኛውንም ብርሃን ስለሚውጥ ለሌዘር ቶሎ ይሸነፋል፣ ቢጫና አረንጓዴ ግን ያስቸግራሉ።

እነዚህ ሴቶች መስቀላቸውን ባስለቀቁበት በዚያው አገር መስቀል የሚነቅስ ቤትም አለ። በኢየሩሳሌም አሮጌው ከተማ የሚገኘውና ከግብፅ ቅብጦች የተገኘው የራዙቅ ቤተሰብ ሙያውን ለ700 ዓመት ያህል ሲወራረስ እንደኖረ ይናገራል፤ ከእንጨት በተቀረጹ ማኅተሞች ንድፉን በቆዳ ላይ አትሞ በመርፌ ያጸናዋል፤ ከግብፅ፣ ከአርመንና ከኢትዮጵያ የሚመጡ ተሳላሚዎችም መስቀሉን ከነ ዓመተ ምሕረቱ ክንዳቸው ላይ እያስነቀሱ ይመለሱ ነበር። ጎንደር ላይ አባት ሆነው ልጃቸውን ስለ ክንዱ የሚገሥጹት ሽማግሌ ኢየሩሳሌም ተሳልመው ቢሆን ኖሮ እጅጌያቸውን ጠቅልለው በኩራት ያሳዩ ነበር።

የውጭው ዓለም የንቅሳት ወዳጆች በየዓመቱ ኮንቬንሽን የሚባል ጉባኤ ያካሂዳሉ፤ ኮንቬንሽን ማለት ነቃሾች ከየአገሩ በአንድ አዳራሽ ተሰብስበው ሥራቸውን የሚያሳዩበት፣ ጎብኚም ትኬት ገዝቶ የሚገባበት፣ ዳኞች ተሰይመው ሽልማት የሚሰጡበት መድረክ ነው፤ ከታወቁት አንዱ የለንደኑ ሲሆን የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ2005 ነው። ጎንደር ይህን የመሰለ ጉባኤ የላትም ከማለት በፊት ግን ጥር 10 የከተራ ዕለት አመሻሽ ላይ ወደ አፄ ፋሲል መዋኛ መውረድ ይገባል። ከቀሃ ወንዝ በተሳበ ውሃ የተሞላውን ገንዳ ከብበው የሚያድሩትና በማግስቱ ጥር 11 ጥምቀትን የሚያከብሩት ከከተማው ብቻ የመጡ አይደሉም፤ የወገራ፣ የደንቢያ፣ የበለሳና የጭልጋ ሰውም ይመጣል፤ እናቶች ከነአንገታቸው ጌጥ፣ ባልቴቶች ከነአገጫቸው ነጠብጣብ ጎን ለጎን ይቆማሉ፤ ከየአገሩ የመጣውን የነቃሽ እጅ በአንድ ሜዳ ለማነጻጸር ከዚህ የተሻለ ቦታ የለም። «ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ» የሚለው አባባል ለንቅሳትም ይሠራ ነበር፤ ቅርፊቱ እስከ ጥር ካልረገፈ የተነቀሱት በከንቱ ነው። ዳኝነቱም አልጎደለም፤ በጥንቱ ልማድ ጎረምሳው ዓይኑ ያረፈባትን ልጃገረድ ሎሚ ይወረውርባት ስለነበር፣ የጎንደሩ ዳኛ ድምፁን የሚሰጠው በሎሚ ነበር ማለት ይቻላል። የለንደኑ ዳኛ ዋንጫ ይሰጣል እንጂ የመረጣትን የማግባት ግዴታ የለበትም።

አዲሱ ንቅሳት፣ ታቱ የሚባለው፣ የሚሠራው በኤሌክትሪክ ማሽን ነው። ቶማስ ኤዲሰን እ.ኤ.አ. በ1876 የፈጠራ ባለቤትነቱን ያስመዘገበው የኤሌክትሪክ ብዕር ወረቀት እየበሳ የጽሑፍ ቅጂ ለማባዛት የተሠራ የቢሮ ዕቃ ነበር፤ ሳሙኤል ኦራይሊ የተባለ የኒው ዮርክ ነቃሽ ሐሳቡን ወስዶ ወረቀቱን በቆዳ በመተካት እ.ኤ.አ. በ1891፣ ጎንደር በደርቡሾች ከተቃጠለች ከአራት ዓመት ገደማ በኋላ፣ የመነቀሻ ማሽን አስመዘገበ። ማሽኑ ከቢሮ የተወለደ መሆኑ ኋላ ላይ ስለሚያስፈልግ በልብ ይያዝ።

በአዲስ አበባ በተለይ በቦሌ አካባቢ የታቱ ስቱዲዮዎች ተከፍተዋል፤ እንደ ጎንደር ባሉ ከተሞች ግን ታቱ ከውበት ሥራ ጋር ተዳብሎ መገኘቱ ይቀላል፤ ፀጉር የሚሠራበት ቤት ለሙሽራዋ ቅንድብም ይነቅሳል፤ ይህንንም «ቅንድብ ማሠራት» እንጂ ንቅሳት ብሎ የሚጠራው ስለሌለ ማንም አይቆጣም። እንሶስላ፣ ማለትም ሥሩ ተቀጥቅጦ የእጅና የእግር ጣትን የሚያቀላው የደጋ ተክል፣ ከሂና ጋር ተጎራብቶ ሥራውን አላቋረጠም፤ ከጊዜ በኋላ መልቀቁም ለሠርግ ማግስት ጸጸት ተስማሚ ያደርገዋል። ጎረምሶቹ ግን የማይለቀውን ይፈልጋሉ፤ አንበሳ፣ የእናት ስም፣ የፍቅረኛ ስም (ይህ የመጨረሻው ከሁሉ ይልቅ የሚያሳስብ ነው)፣ ከዚያም በግዕዝ ፊደል የተጻፈ ቃል። በፊደሉ ላይ የሚነሣው ጣጣ ለብቻው ነው። በወረቀት ላይ የትኛው ሀ ለየትኛው ቃል እንደሚገባ ሊቃውንት ሲከራከሩ ኖረዋል፤ ላጲስም ስላለ ተሳስቶ ማረም ይቻል ነበር፤ ኃይልን በሃሌታው ሀ ክንዱ ላይ ያስጻፈ ወጣት ግን ከአንድ የቅኔ መምህር ጋር በታክሲ ጎን ለጎን ቢቀመጥ መምህሩ እስኪወርዱ ድረስ ሰላም አያገኙም።

ወደ ቤት ክርክር ስንመለስ፣ ልጁ ላይ የሚጠቀሰው ጥቅስ ሁልጊዜ አንድ ነው፤ ኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 19 ቁጥር 28። ቁጥሩ በገላ ላይ መነቀስን መከልከሉ እውነት ነው፤ ነገር ግን በዚያው ቁጥር ውስጥ ከመነቀስ አስቀድሞ ለሞተ ሰው ሲባል ሥጋን መንጨትንም ይከለክላል፤ ፊት መንጨት ደግሞ በጎንደር ልቅሶ ላይ ሴቶች ለሟች ያላቸውን ፍቅር የሚያሳዩበት የቆየ ልማድ ነው። አንድ ቁጥር ወደ ላይ ከፍ ቢባል ደግሞ የጠጉርንና የጢምን ዳር መከርከም የተከለከለ ሆኖ ይገኛል፤ ሰባኪው ቁጥር 28ን ለማንበብ ሲጣደፍ ቁጥር 27ን የዘለለው ጠዋት ከፀጉር አስተካካይ ቤት ስለመጣ ሳይሆን አይቀርም፤ መጠርጠር ኃጢአት ካልሆነ በቀር። ልጁ ይህን ሁሉ አንብቦ ቢመጣና «እማዬ፣ የአንቺስ?» ብሎ ቢጠይቅ የሚያገኘው መልስ ከኦሪት አይደለም፤ «እኔ መች ፈልጌ? እናቴ አስነቀሰችኝ» የሚል ነው።

ነገሩ ሁሉ የሚፈታው እዚህ መልስ ላይ ይመስላል። እናትየዋ ራሷን ለመከላከል ስትል የክርክሩን ፍሬ ነገር ሳታስበው ተናግራዋለች። የእርሷ መስቀል ጨዋነት የሆነው አስባበት ስላላደረገችው ነው፤ ቤተሰብ አዘዘ፣ ጎረቤት መረቀ፣ እርሷ ተያዘች። የልጇ መስቀል ዱርዬነት የሆነው ደግሞ ማንም ሳይዘው፣ ገንዘቡን ከፍሎ፣ ንድፉን መርጦ ስለተነቀሰው ነው። ቆዳው አንድ ነው፣ መስቀሉም አንድ ነው፤ የሚያስቆጣው ቀለሙ ሳይሆን ትእዛዙ ከማን እንደወጣ ነው። በደጋው ሥርዓት ገላ የባለቤቱ ብቻ ሳይሆን የዘመድም ነበረ፤ ስለዚህ የጋራ በሆነ ነገር ላይ ብቻውን የወሰነ ልጅ ከስርቆት ያልተናነሰ ነገር የሠራ ያህል ይታያል። ለልጁም ፍርድ ላለማጓደል ያህል፣ ሕፃኗን እጅና እግሯን ይዞ ግንባሯን መውጋት ዛሬ ማንም የሚከላከለው ሥራ አይደለም፤ በአንጻሩ ጎልማሳ ሆኖ መርጦ መነቀስ ምን ጥፋት እንዳለበት እስካሁን አጥጋቢ ማስረጃ ያቀረበ የለም።

እናቶች ራሳቸውም ሴት ልጆቻቸውን ማስነቀስ ካቆሙ ቆይተዋል። እ.ኤ.አ. በ1987 የተቋቋመው የጎጂ ልማዳዊ ድርጊቶች ብሔራዊ ኮሚቴ እንጥል መቁረጥንና የወተት ጥርስ መንቀልን ከመሰሉት ጋር ንቅሳትንም አንሥቶ አስተምሯል፤ ኤች አይ ቪ ሲስፋፋ ደግሞ ስለታም ነገር በጋራ አትጠቀሙ የሚለው ምክር በየትምህርት ቤቱ ግድግዳ ላይ ተጻፈ። ምክንያቱ ቀላል ነው፤ አንዱ መርፌ ከሰው ወደ ሰው ሲዘዋወር የጉበት ቫይረሶቹን ሄፓታይተስ ቢን እና ሲን ያስተላልፋል። ይህ አደጋ ለአዲሱም ማሽን የሚሠራ ስለሆነ መርፌውና ቀለሙ በየሰው ካልተቀየሩ ኤሌክትሪክ መጨመሩ ብቻውን ንጽሕና አይሆንም፤ ብዙ የደም ባንኮችም አዲስ የተነቀሰ ሰው ለወራት ደም እንዳይለግስ የሚያቆዩት ለዚህ ነው።

በደባርቅ ደግሞ ሌላ ዓይነት መገናኘት አለ። ወደ ሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ የሚወጡት የውጭ አገር ተጓዦች ብዙዎቹ ክንዳቸው ከትከሻ እስከ አንጓ በታቱ የተሸፈነ ነው። ከገበያ የምትመለሰውን ባልቴት ያዩ እንደሆነ ግንባሯን ፎቶ ለማንሣት በአስጎብኚያቸው በኩል ይለምናሉ፤ እርሷ ደግሞ የተጓዡን ክንድ ላይ የተጠመጠመውን ዘንዶ አይታ ታማትባለች፤ አስጎብኚው ለአንዱ የሌላውን ጥያቄ ሲተረጉም ሁለቱም የሚጠይቁት አንድ ነገር ሆኖ ያገኘዋል፤ «አላመመውም?» «አላመማትም?»

የሥራ ቦታ ጉዳይ ሲነሣ ሕጉ ከልማዱ የሚሻል ይመስላል። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በብሔር፣ በፆታ፣ በሃይማኖት፣ በፖለቲካ አመለካከት፣ በአካል ጉዳትና በመሰል ምክንያቶች በሠራተኞች መካከል ልዩነት ማድረግን ይከለክላል፤ ስለ ታቱ ግን በስም ያነሣው ነገር ስለሌለ ጉዳዩ በቀጣሪው ዓይን ላይ ይወድቃል። በውጭውም ዓለም ነገሩ የተለዘበው በቅርቡ ነው፤ ኤር ኒውዚላንድ የሚታይ ታቱ ያላቸው ሰዎች እንዳይቀጠሩ የሚከለክለውን ደንቡን ያነሣው እ.ኤ.አ. በ2019 ሲሆን፣ ለዚያ ያበቃውም ማኦሪ የተባሉት የአገሩ ተወላጆች የፊት ንቅሳታቸው የዘር ሐረጋቸው መግለጫ በመሆኑ ክልከላው አገሬውን ከገዛ አየር መንገዱ የሚያስወጣ ስለሆነ ነው። በእኛ ከተሞች ቃለ መጠይቅ የተጠራ ወጣት በግንቦት ሙቀት ሙሉ እጅጌ ሸሚዝ ለብሶ፣ አንጓው ላይ ያለችውን መስቀል ሰፊ ማሰሪያ ባለው ሰዓት ሸፍኖ ይቀርባል፤ «እዩኝ እዩኝ ያለች ደብቁኝ ደብቁኝ ታመጣለች» የሚባለው ለእርሱ የተነገረ ያህል ነው። ጠያቂዎቹ ስለ ግል ንጽሕናና ስለ መሥሪያ ቤቱ ገጽታ እየነገሩት ሳለ ሻይ የምታቀርበው እናት ትገባለች፤ የእርሷ መስቀል በሰዓት ሊሸፈን አይችልም፤ ከግንባሯ መካከል ሆኖ ሁሉንም በእኩል ዓይን ይመለከታል። ጠያቂዎቹ «እግዜር ይስጥልን እማማ» ብለው ብርጭቆውን ይቀበሉና ወደ ገጽታው ይመለሳሉ። የመነቀሻው ማሽን አያት የቢሮ ዕቃ እንደነበረ የነገራቸው የለም።

ደንበኛ ተቀባይ የሚቀጥሩ መሥሪያ ቤቶች ደግሞ ሁለት መመሪያ አንድ ላይ ያወጣሉ፤ አንደኛው በሚታይ ቦታ ላይ ንቅሳት አይፈቀድም የሚል ሲሆን፣ ሁለተኛው ደንበኛ በሞቀ ፈገግታ ይስተናገድ የሚል ነው። ድዷን የተነቀሰች ሠራተኛ ሁለተኛውን መመሪያ በፈጸመች ቁጥር አንደኛውን ትጥሳለች፤ ፊቷን አጨፍግጋ የተቀመጠች እንደሆነ በሥነ ሥርዓት፣ ከልቧ የሳቀች እንደሆነ በንቅሳት ትጠየቃለች፤ የሰው ኃይል ክፍሉም የትኛው ጥፋት ከደመወዝ እንደሚያስቀንስ መወሰን ስላቃተው መዝገቧን በይደር ያቆየዋል።